መሃል ላይ የተቆረጠው ዘፈን

ማክሰኞ

«ካሴቱ ጠፍቷል» አልኳቸው። ዋሸሁ። በሻሼ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አለ።

የመጡት ታደለና ሰናይት ናቸው። እሱ መሲንቆ ይመታል፣ እሷ ትዘፍናለች። ከልጄ ከይበልጣል ጋር እዚሁ ማርቆስ አብረው ሲጫወቱ ኖረዋል። ልጄ ካረፈ አምስት ወር ሆነው። ለመታሰቢያው ዜማዎቹን ሊቀርጹ ነው፤ ልጅ ሳለ ይሰማው የነበረውን ካሴት ፈለጉ።

ቁጭ ብለው የየራሳቸውን አወሩ። የታደለ አባት የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ፣ ያላቸውም አንድ ካሴት። ደጀን እስኪደርሱ ሁለቴ ይገለበጣል። «አሁንም ያን ዘፈን ስጫወት ናፍጣ ይሸተኛል» አለ። የሰናይት ካሴት ደግሞ ፀሐይ መትቶት በወፍራም ድምፅ እየተጎተተ ነበር የሚዘፍነው። «ዘፋኟ ሴት መሆኗን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው» አለች።

«ለዚህ ነዋ እንደ ጎረምሳ የምታንጎራጉሪው!» አላት ታደለ።

ሳቅሁ። ወዲያው የለበስኩት ጥቁር ታወሰኝና አፌን ያዝኩ።

ረቡዕ

እጄ ፈጣን አይደለም፣ ግን ልጻፈው።

ይበልጣል ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሁዳዴ ሊገባ ሲል መዝሙር የምቀዳበት ባዶ ካሴት አጣሁ። ቤት ያለው የእሱ ብቻ። እላዩ ላይ እንዲቀዳልኝ ከላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት ደፈንኩና ከጎረቤት ቴፕ መዝሙር ቀዳሁበት። በጾም ዘፈን ምን ያደርጋል ብዬ።

ከትምህርት ቤት መጥቶ ከፈተው። ዘፈኑ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ መሃል ላይ ቀጥ። ከዚያ መዝሙር።

አላለቀሰም። ወጥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሳብኝም። ይኸው ነው ውስጤን የሚበላው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን ጓደኞቹ ከሰሙት ያደረግሁትን ያውቃሉ።

ሐሙስ

ከሰዓት ጭጋግ ወረደ። አጥሩ ጠፋ፣ ባሕር ዛፎቹ ጠፉ። በተቀመጥኩበት ሸለብ አድርጎኝ ነው መሰለኝ፣ ይበልጣል ጀርባውን ሰጥቶኝ በጭጋጉ ውስጥ ሲሄድ አየሁት። ያንጎራጉራል። ዜማው ይደርሰኛል፣ ቃሉ አይደርሰኝም። ልጠራው ስል ነቃሁ።

ካሴቱን አወጣሁት። ጉልበቴ ላይ ትንሽ አቆየሁት። መልሼ ከተትኩት።

ሰናይት ደወለች። «ቅዳሜ እንመጣለን፣ እማማ፤ ምንም እንዳያዘጋጁ።»

ቅዳሜ

ሰጠኋቸው። ቀና ብዬ ሳላያቸው ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እማማ፣ እናውቃለን እኮ!» አለ ታደለ። «ስንቴ ነግሮናል! ‹ቀሪው እንዴት ነበር እያልኩ ሁዳዴውን ሙሉ ሳስብ ከረምኩ፤ ማስታወስ ሲያቅተኝ ራሴ ጨረስኩት› ይል ነበር። የመጀመሪያ ዜማው ያ ነው።»

ቴፑን ከፈቱት። ዓመቱ ሳይሞላ ዘፈን ሲሰማ ጎረቤት ምን ይለኝ ይሆን? ያለውን ይበል። መቆረጫው ላይ ሲደርስ ታደለ ቴፑን አጥፍቶ በመሲንቆው ቀጠለ። ሰናይት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ገባችበት። የልጅ ሐሳብ ነው፤ ወደ ላይ ይወጣል፣ መውረጃው ይጠፋዋል፣ ዞሮ ዞሮ ቀስ ብሎ ያርፋል።

ያን ዕለት አዝኖብኝ እንደሆነ አላውቅም። ሲያወራው ግን ይስቅ እንደነበር ሰናይት ምላ ነገረችኝ።

ካሴቱን ለቀረጻው ይዘው ሄዱ። ታደለ በር ላይ ዞሮ «ሰኞ እንመልስልዎታለን» አለኝ።

«አትቸኩሉ» አልኩት።