የማዳም ካማላ እንግዳ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ምነው ምላሴን በቆረጠው! በአንዲት ቃል ግቢውን ሁሉ አተራመስኩት።

ማዳም ካማላ የሒሳብ አስተማሪዬ የነበሩት የሚስተር ዴሳይ ባለቤት ናቸው። ጎረቤታችን ናቸው፣ ግቢያችን አንድ ነው። ዓርብ የሕንዶች የመብራት በዓል ነው፤ ዲዋሊ ይሉታል። ቤቱ ተጠርጎ፣ ደጃፉ ላይ መብራት ተደርድሮ፣ ሲመሽ በሩ ክፍት ይተዋል። ላክሽሚ የምትባለው አምላካቸው እንድትገባ ነው። የምን አምላክ ናት ብላቸው፣ የሀብት አሉኝ።

ይህን ስናወራ የቀበሌ ጥበቃው ጋሽ ታፈሰ ደረሰ። በር ከፍቶ ማምሸት ምን የሚሉት ነው አለኝ። እንግሊዝኛ የምችል እኔ ስለሆንኩ ሁሉም የሚጠይቀው እኔን ነው። አሁን በዚህ ዘመን የሀብት አምላክ ልትገባ ነው ይባላል? ቡርዧ ናቸው ሊላቸው! ፈራሁና፣ እንግዳ ይጠብቃሉ አልኩት።

ብልጥ መሆኔ ነበር። ሳያስመዘግቡ እንግዳ ማሳደር እንደማይቻል እያወቅሁ! ስሟን ጠየቀኝ፣ ላክሽሚ አልኩ። ከየት ነው የምትመጣው ሲለኝ እማዬ ጠራችኝ ብዬ ሮጥኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

እማዬ ስታጉረመርም ዋለች። ዘይት እንዲህ በጠፋበት ጊዜ፣ ተሰልፈው ያመጡትን ለመብራት! ያውም ለጣዖት! እዚያ ደጅ እንዳላይሽ አለችኝ። የወንድሜ የደጀኔ ወሬ ከጠፋ ወዲህ በሁሉም ነገር ትቆጣለች። እሱ ሰሜን ግንባር ነው። ሬዲዮኑ ዜና ሲጀምር ትዘጋዋለች፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ምን አለ ትለኛለች። ዘግተሽው ምን ልስማ?

ከሰዓት ጋሽ ታፈሰ ተመልሶ መጣ። እንግዳዋ ነገ ካልተመዘገበች በሩ ተዘግቶ ያመሻል፣ ሚስተር ዴሳይም ቀበሌ ቀርበው ይጠየቃሉ አለ። ማዳም ካማላ የመብራቱን ክር ከጥጥ እየፈተሉ ነበር፤ ስነግራቸው አስቀመጡት። በሩ ከተዘጋ ምኑን በዓል ሆነ አሉኝ። ጥጡን ሰብስበው ወደ ውስጥ ገቡ። ብስጭቴ ልክ የለውም። በታፈሰም በቀበሌውም፣ ከሁሉም በራሴ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ጠዋት ደግሞ የባሰው መጣ። ማዳም ካማላ በሩዝ ዱቄት ከደጃፉ ጀምረው ወደ ውስጥ ትንንሽ የእግር ዱካ ሥለዋል። የላክሽሚ እግር ነው፣ ወጉ እንዲያ ነው። ጋሽ ታፈሰ ቆሞ አየው፣ አየው።

“ይኸው ገብታለች” አለ። “የወጣችበት ግን የለም።”

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ዱቄቱን በጣቱ አስነካሁትና ሁሉንም ዘረገፍኩለት፣ ሀብቱንም ጭምር። ራሱን አከከ። እሺ አምላክ ናት እንበል፣ መብራቱስ ለማን ነው የሚበራው አለ።

ማዳም ካማላ ነገሩኝ፣ እኔ አስተረጎምኩ። ራማ የሚሉት ልዑል ነበር። ተሰዶ ጫካ ኖረ፣ ጦርነት ገጠመ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ወደ አገሩ ተመለሰ። መንገዱ እንዳይጠፋው ሰው ሁሉ ደጁ ላይ መብራት አበራ።

ለካ እማዬ ከኋላዬ ቆማለች።

“ገባ ታዲያ? ቤቱ ደረሰ?” አለች።

እስካስተረጉም አልጠበቁም። “ገባ” አሉ ማዳም ካማላ፣ በአማርኛ።

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። “ታፈሰ፣ ሴትዮዋን አታስቸግራቸው። ዋሳቸው እኔ ነኝ” አለችው።

እሷ ዋስ! ትናንት ጣዖት ስትል አልነበር? ጋሽ ታፈሰ እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ ብሎ ፈቀደ። ቀበሌ መቅረቡም ቀረ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ማታ እንዴት ያምር ነበር! መብራቱ ከደረጃው እስከ በሩ ተደርድሮ፣ ሚስተር ዴሳይ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው፣ ማዳም ካማላ ጣፋጭ እያጎረሱኝ። ሦስት ሰዓት ሲል መብራቱን አጥፍተው በሩን ዘጉ።

ቤት ስመለስ የእኛ በር ገርበብ ብሏል። በቁልፍ የምንዘጋው በር! ደፉ ላይ ኩራዛችን ይበራል። እማዬ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች።

“ነፋስ ነው የከፈተው” አለችኝ ሳልጠይቃት።

ኩራዙንም ነፋስ ለኮሰው? አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። በሩንም አልዘጋሁትም።

ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ታፈሰ በዚያ አለፈ። ቆም ብሎ ኩራዙን አየ፣ እኔንም አየኝ። እንግዳ አላችሁ ወይ አላለኝም። ኮቱን ሰብሰብ አድርጎ መንገዱን ቀጠለ።