አባቴ ስለ ሠሩት የመቶ ዓመት ሰገነት

ለተከበሩ የታሪካዊ ቤቶች ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ ከእግርዎ በታች ያለውም ወለል የጸና ይሁን። የመጨረሻውን በተለይ ከልቤ ነው የምመኝልዎ፤ ወለል ሲከዳ ምን እንደሚመስል በዓይኔ አይቻለሁና።

እኔ ከገበያው ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ፣ ከጥግ ሦስተኛ በሆነው ባለ አንድ ፎቅ ቤት የሚኖሩት፣ ይቅርታ፣ ይኖሩ የነበሩት አናጺ ሴት ልጅ ነኝ። ባለፈው ወር ሰገነቱ ተደርምሶ አባቴ ሲሞቱ፣ መሥሪያ ቤትዎ «በቅርሱ ላይ በደረሰው ጉዳት» የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን በማስታወቂያ ገልጿል። ቤተሰቡ በሙሉ ያመሰግናል። ስለ አባቴ አንድ መስመር እንኳ ባይኖርበትም ቦታ ጠቧቸው ይሆናል ብለን ተጽናንተናል።

መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር የሌለው ወረቀት እንደማይቀበል ስለ ተማርሁ፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ በራችን ላይ ስለ ተከሉልን የነሐስ ሰሌዳ። በቤቱ የኖሩ ታላላቅ ሰዎች ተዘርዝረውበታል፦ አንድ ዳኛ፣ አንድ የጨርቅ ነጋዴ፣ ሁለት ወር ተቀምጦ ብርዱን ጠልቶ የሄደ ፎቶ አንሺ። ሃምሳ አንድ ዓመት የኖሩት አባቴና ልብስ ሰፊዋ እናቴ የሉበትም። ሰሌዳውን የያዙት አራት ሚስማሮች ግን በዚያ ግድግዳ ላይ በሕግ የተመቱ የመጨረሻዎቹ ሚስማሮች ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ለእኛ አንዲት ሚስማር መምታት ወንጀል ሆኗል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል ነበር። መሥሪያ ቤትዎ አጥሩን እጅግ እያከበሩ ባለቤቱን መናቅ እንደሚቻል አሳይቶናል።

2ኛ፦ ስለ ሰገነቱ ዕድሜ። ባለሙያዎችዎ ከመቶ ዓመት በፊት በአንድ በማይታወቅ የውጭ አገር ጥበበኛ የተሠራ መሆኑን መዝግበዋል። አባቴ ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የድሮውን ሰገነት ምስጥ በልቶት ሲፈርስ፣ ከተረፈች አንዲት ቋሚ እየለኩ ሃያ ሦስቱን የመደገፊያ ቋሚዎች በመሮ ቀርጸው ያቆሙት እሳቸው ናቸው። እኔ የተወለድሁ ዓመት ነው፤ አርባ አራት ዓመቴ ነው። ይህንኑ ቢሮ ድረስ መጥተው ቢናገሩ የመዝገብ ቤት ሹምዎ ማስረጃ ጠየቋቸው። አባቴም አሥራ አንደኛውን ቋሚ ሲቀርጹ ጫፏ የተቆረጠችውን የግራ እጃቸውን ጣት አሳዩ። ማኅተም የለውም ተብለው ተመለሱ።

3ኛ፦ ስለ ፈቃዱ። ሰገነቱን የተሸከመችው የቀኝ ምሰሶ መበስበሷን አባቴ በጣታቸው አንኳኩተው ነው ያወቁት። በአንድ ከሰዓት በኋላ እንለውጣት አሉኝ። እኔ በሙያ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ የማስተምር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና፣ አይሆንም፣ መጀመሪያ እናስፈቅድ አልሁ። በነገ ዛሬ ሁለት ዓመት ደጅ ጠናን፤ አሥራ አንድ ማመልከቻ አስገባን። በመጨረሻ በደረሰን መልስ ቅርሱን መጠገን የሚችለው መጀመሪያ የሠራው ባለሙያ ወይም እሱ ያሠለጠነው ሰው ብቻ እንደ ሆነ፣ ባለሙያው ግን በሕይወት እንደሌለ ስለሚታመን ጥያቄያችን ውድቅ መደረጉ ተገለጸልን። ይህን ደብዳቤ ጮክ ብዬ ያነበብሁት ለዚያው በሕይወት ለሌለው ባለሙያ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ቀድመው ቀበሩኝ እኮ» አሉ። መጋዛቸውን ለማንሳት ሲነሡ፣ አባባ ተው፣ ይግባኝ እንበል ብዬ እጃቸውን የያዝሁት እኔ ነኝ።

ደብዳቤው በደረሰን በስድስተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት፣ እናቴ ያጠቡትን አንሶላ ለማስጣት አባቴ ሰገነቱ ላይ ወጡ። አንሶላው ገመዱ ላይ ቀረ። ያን እጅ መያዜን እስከ ዕለተ ሞቴ ተሸክሜው እኖራለሁ፤ ክቡርነትዎ እንዲያግዙኝ አልጠይቅም።

4ኛ፦ ስለ ፍጥነታችሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልል አክብሮቴ ይከለክለኛል። ሁለት ዓመት መንገዱ የጠፋቸው ባለሙያዎችዎ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደርሰው፣ የተሰበረውን እንጨት ስንጥር ሳይቀር ቁጥር ሰጥተው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው በመኪና ወሰዱ። አባቴን የሚያነሳ መኪና እስኪመጣ ግን ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው የገዛ ካፖርታቸውን አልብሰዋቸው መንገዱ ላይ አብረዋቸው ተቀመጡ።

5ኛ፦ ስለ እናቴ። ጉልበታቸው እየደከመ ቢሆንም የስፌት መኪናቸውን ትቼ አልወርድም ብለው ዛሬም ፎቅ ላይ ናቸው። ወደ እሳቸው የሚያወጣው የውስጥ ደረጃም የአባቴ ሥራ ነበር፤ እሱም በስብሶ ነበር። ለእሱ አሥራ ሁለተኛ ማመልከቻ አላስገባሁም። ምክንያቱን ከፊርማዬ በታች ያገኙታል።

ስለ ሰሌዳው፣ ስለ መልስዎና ስለ ንጹሑ ጨርቅ ደግሜ ደጋግሜ እጅ እየነሣሁ፣ የረገጡት ሁሉ እንዲጸናልዎ እየተመኘሁ፣

ከማይጎድል አክብሮት ጋር፣
የማይታወቀው የውጭ አገር ጥበበኛ ሴት ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ማክሰኞ ባለሙያዎችዎ ደረጃውን ሊመዘግቡ መጥተው ነበር። ሦስተኛውን እርከንና የመደገፊያውን ቋሚ ደባብሰው፣ ፎቶ አንስተው፣ «መቶ ዓመት የሞላው፣ እጅ ያልነካው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ዛሬ የሚሠራ የለም» ብለው አስፍረዋል። ሁለቱንም በአባቴ መሮ የሠራኋቸው ከቀብራቸው በኋላ በሁለተኛው እሑድ ነው። የፈጀብኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።