ዊ የነገረኝ አገር

ኅዳር 5 ቀን 1954፣ ጠዋት 2 ሰዓት
ገብስ 14 ኩንታል ገዛሁ፣ ባቄላ 3፣ ተልባ ግማሽ። ብርድ። ጭላሎ አናቱ አይታይም።

ኦቦ ገመዳ ከዲክሲስ መጡ፤ ምክር ፈልገው። አንድ ፊታውራሪ ከአ.አ. መጥቶ መስካቸውን ገዝቶ በትራክተር ሊያርስ ያስባል። መስኩ እሳቸውን ጨምሮ የስምንት ዘመዳሞች ነው። ሰውየው ስምንቱን ባንድ ላይ አያነጋግርም፤ አንድ በአንድ እየጠራ ያግባባል። ሁለቱ ለመፈረም ዳር ዳር እያሉ ነው።

ዊ ትዝ አለኝ። ኮሪያ ቆስለን ሆስፒታል ጎን ለጎን የተኛነው የኒውዚላንድ መድፈኛ። ማኦሪ ነው፤ የደሴቶቹ የጥንት ሰው። ታሪኩን ነገርኳቸው። እንግሊዝ ከጎሳ ጎሳ እየዞረ መሬት ሊገዛ መጣ። ጎሳዎቹ ተሰብስበው ማንም ለብቻው እንዳይሸጥ ተማማሉ። ጦር ሲመጣባቸውም አብረው ቆሙ። እንግሊዝ በመርከቡ ተመለሰ።

ኦቦ ገመዳ ሲነሱ፣ «መሬቱ ዛሬም የነሱ ነው?» አሉኝ።

«የነሱ ነው» አልኩ።

ኅዳር 6፣ ከ/ሰ
ገበያው ቀዝቅዟል። ማስታወሻዬ፣ አንተን አልዋሽህም። እንዲያ አልሆነም። ገሚሱ ማለ፣ ገሚሱ ሸጠ፤ ከእንግሊዝ ጋር ተሰልፎ በወገኑ ላይ የተኮሰም አለ። የዊ አያት ከተኮሱት አንዱ ነው። ለዚህ ይሆናል ዊ በየቀኑ ሌላውን አገር ይነግረኝ የነበረው፤ ሁሉም አብረው ምለው ቢሆን ኖሮ የሚኖረውን። ለሰባራ እንግሊዝኛዬ ሲል ቀስ ብሎ። ወንዝ ዳር ያለውን ቤት፣ የዓሣ ወጥመዱን፣ ልጆች በራሳቸው ቋንቋ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት። ልጠይቀው ስሄድ በሩን የምትከፍትልኝ እህቱ መሆኗን ሳይቀር።

ያልነበረ አገር ይናፍቃል? ከዊ ከተለያየን ስምንት ዓመቴ። ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መልስ የለም።

እናንተን እኮ ማንም አልገዛችሁም እያለ ይቀናብኝ ነበር። አያቴ አርሲ የመጣው ጠመንጃ ይዞ እንደሆነ አልነገርኩትም።

ኅዳር 9
ፊታውራሪው አስጠራኝ። ዘመዳሞቹን ካግባባሁለት የመስኩ ስንዴ በሙሉ በእኔ በኩል ይሸጣል። ጥሩ ሥራ ነው። አስቤበታለሁ፣ አልክድም። እሺም እንቢም ሳልል ወጣሁ።

ኅዳር 11፣ ማታ 12 ሰዓት
ኦቦ ገመዳ ተመለሱ። ፊታቸው በርቷል። ሰባቱ ለብቻ ላለመሸጥ ምለዋል፤ እነዚያ የደሴት ሰዎች ከቻሉ እኛም እንችላለን ብለው። የቀረው ከድር ነው።

ከድር ምን እንዳለ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። «‹ነጋዴ እርጥቡንም ገብስ ደረቅ ነው ይላል፤ እሱ ራሱ መጥቶ ዓይኔን እያየ ይንገረኝ› አለ።»

ከድር ሞኝ አይደለም። የፊታውራሪው ጸሐፊ የተማረ ነው፤ አንድ ቀን እውነቱን ይነግራቸዋል። ያን ዕለት ስምንቱም ይበተናሉ። ደግሞ ለከድር የሚበጀው የተሸነፉት ታሪክ ነው፤ አንድ በአንድ እየተጠሩ ሄደው መሬታቸውን ያጡት። ይህን ከተናገርኩ ግን ዊ የነገረኝን አገር ዳግመኛ ለማንም ማውራት አልችልም። ለራሴም።

ኦቦ ገመዳን፣ «እመጣለሁ» አልኳቸው።

ነገ፦ በቅሎ መከራየት። በንጋት ወደ ዲክሲስ። ለስምንቱም፣ ከድር ባለበት፣ የዊ ሰዎች እንዴት እንደተሸነፉ መንገር። ስመለስ በፊታውራሪው ዘንድ አልፎ እንቢ ማለት።