የቀለጠውን አንጎል ግኝት ብለው ላወጁልን ዳይሬክተር

ለተከበሩት የአንጎል ምርምር ማዕከላችን ዋና ዳይሬክተር፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ለአሥራ አንድ ዓመታት የአይጥ አንጎል ስከትፍና ስመዝን የኖርኩት የላቦራቶሪ ሠራተኛዎ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ። በግል የላክኋቸው ሦስቱ ለክብርዎ ሳይመጥኑ ቀርተው ይሆናል።

፩. ለማዕከላችን ጉባኤ የተተከለው ትልቅ ስክሪን ሶኬት ቢያጣ፣ የሁለተኛውን ፍሪዘር ገመድ በገዛ እጅዎ ስለነቀሉ አመሰግናለሁ። አንጎል ችላ የሚለው ሰነፍ ዓይን እንዲኖራቸው አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ ያደጉት አይጦች አንጎል በሙሉ እዚያ ነበር። ለእንግዶች ባጅ ሳድል ሁለት ቀን ውዬ ስመለስ ሁሉም ቀልጦ ጠበቀኝ። እርስዎም መልሼ እንድሰካውና ነገር እንዳላካብድ አዘዙኝ። ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም።

፪. ጋባ የአንጎል ነርቮች ከልክ በላይ እንዳይቀሰቀሱ የሚገታ ኬሚካል መሆኑን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ነው። ይሁን እንጂ እንስሳው ከሞተም በኋላ፣ አንጎሉ ካልቀዘቀዘ፣ ጋባን የሚያመርተው ኢንዛይም ሥራውን አያቆምም። ስለዚህ በቀለጠው የእይታ ክፍል ውስጥ ጋባ ተትረፍርፎ ተገኘ፤ በደህናው ፍሪዘር ባሉት ጤነኛ አይጦች ግን እንደነበረ ነው። እርስዎ ይህን ብልሽት የሰነፍ ዓይን ምስጢር ነው ብለው አሳተሙት። ስሜንም ሳይጠይቁኝ ከስምዎ ቀጥሎ ስላስገቡልኝ ውለታዎ አለብኝ።

፫. በዚያ ጽሑፍ መነሻነት ከሰኞ ጀምሮ ጋባን የሚያዳክም መድኃኒት ለአሥራ ሁለት ሕፃናት ሊሰጥ ነው። የሚገታው ኬሚካል የተነሣበት አንጎል በሚጥል በሽታ ሊንቀጠቀጥ እንደሚችል ያውቃሉ። በዝርዝሩ ሰባተኛዋ ግራ ዓይኗ የሰነፈባት የስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ናት። እህቴ ያስመዘገበቻት እርስዎን አምና አይደለም፤ በጽሑፉ ላይ የእኔን ስም አይታ ነው።

ትናንት አስቀምጬ እውነቱን ነገርኳት። ልጇን አስወጣች፤ እኔንም ዓይንሽን አታሳዪኝ አለችኝ። የቀሩት አሥራ አንድ እናቶች ግን ላቦራቶሪ ውስጥ እህት የላቸውም፤ ስለዚህ በዚህ የጋዜጣ ደብዳቤ ነገርኳቸው። ሙከራውን ቢያስቆሙ ደግ ነው፤ ባያስቆሙም እነሱ አይመጡም።

ስሟን ከጽሑፍዎ እንዲፍቁላት በትሕትና የምትለምን፣
ታዛዥ ሆና የኖረችው የላቦራቶሪ ሠራተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በጉባኤው ላይ የሰነፈው ዓይኗ እንዲበረታ ደህናው በፋሻ ተሸፍኖ ከጎንዎ የተቀመጠችው የልጅ ልጅዎ ደስ የምትል ልጅ ናት። በአሥራ ሁለቱ ዝርዝር ውስጥ ስሟን ደጋግሜ ፈለግሁ፤ አጣሁት።