አርባኛው ሎኮሞቲቭ

ለምወድሽ እናቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ቁርጥማቱ ትንሽ ሻል አለሽ? የደጃፉ ደረጃ እንዳያዳልጥሽ፣ እባክሽ ምርኩዝሽን ሳትይዢ አትውጪ። እኔ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ብቻ እምቢ ካለኝ ሦስት ወር ሆነ።

ወንድምህን ያጣደፈው ማነው ብለሽ ስትጽፊልኝ ይህ ሁለተኛሽ ነው። ያጣደፈውን ሰው እንቅልፍ አይውሰደው ማለትሽንም አንብቤያለሁ። እንግዲህ የሆነውን ልንገርሽ።

የፋብሪካችን ዓመታዊ ሪፖርት ታትሞ ወጣ። የዕቅድ ክፍል ሥራ ስለሆነ እንደ ወትሮው የጻፍኩት እኔ ነኝ። አምና ሠላሳ ሦስት የባቡር ሎኮሞቲቭ ሠርተን ነበር፤ ዘንድሮ አርባ። ሽፋኑ ላይም በትልቁ አርባ ይላል። ሥራ አስኪያጁ ዕድገቱን ሲያነብ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጅ ምን ያውቃል።

እዚህ አንድ ልማድ አለ፤ ፍሬኑን የገጠመ ሰው በመጀመሪያው ሙከራ ራሱ ይሳፈራል። ወንድሜ የሰፋው ይልበሰው እያለ ይቀልድበት ነበር። በዓመቱ መዝጊያ ቀን አርባኛው ገና ነበር። ፍሬኑን የገጠመው ወንድሜ፣ የአየር ቧንቧውን አላመንኩትም፣ ሁለት ቀን ስጡኝ አለ። ሁለት ቀን ካለፈ ደግሞ የሚቆጠረው ለአዲሱ ዓመት ነው፤ ሠላሳ ዘጠኝ ሽፋን ላይ አያምርም። ከዕቅድ ክፍል አንድ ሰው ወደ እሱ ወረደ። ትከሻውን አቅፎ፣ በሞቴ፣ ዛሬ ይውጣልኝ አለው። ወንድሜ እኮ ሥራ አስኪያጁን እንኳ ፊት ለፊት እምቢ የሚል ሰው ነው። በሞቴ ብሎ የሚያሸንፈው ስንት ሰው ነበር? አንቺው ታውቂዋለሽ። ሳቀ፣ መፍቻውን ኪሱ ከተተና ተሳፈረ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ አልያዘም።

ሆስፒታል ሦስት ቀን መቆየቱን ታውቂያለሽ። የማታውቂው ሌላ ነው። የሪፖርቱ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ፣ በሥራ ላይ የሞተ ሠራተኛ የለም ይላል። ያረፈው ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ በሚቀጥለው ይመዘገባል አሉኝ። ደንቡም እንደዚያ ነው። አርባኛው ግን ከበር ስለወጣ በዘንድሮው ተቆጠረ። ሁለቱንም በእጄ ጻፍኩ። በወረቀቱ ወንድሜ እስካሁን አልሞተም።

መፍቻውን መልሰውልኛል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። እጀታው ላይ ጨርቅ የጠቀለለው እሱ ነው፤ አትፍቺው።

ልጆች ሳለን መንገድ ስንሻገር፣ የታናሽህን እጅ ያዝ ትዪኝ ነበር። ሰሞኑን ድምፅሽ ከጆሮዬ አልጠፋም። ናፍቀሽኛል እናቴ፤ ግን እንዴት አድርጌ ዓይንሽን እንደማይ አላውቅም።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትሽን ይማርልኝ። እርግማንሽን ግን አታንሺው፤ ሰውዬው ዘንድ ደርሷል።

ታላቁ ልጅሽ