መሃል ሰፋሪ የተባሉት አስተዳዳሪያችን

ኅዳር 14 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ላሊበላ

ዛሬ በስብሰባው አስተዳዳሪያችን ጓድ ምስጋናው ከሥልጣን ወረዱ። ጥፋታቸው መሃል ሰፋሪነት ነው ተባለ። እኔ ዘበኛቸው የማውቀው፣ የብልባላ ገበሬዎችና ካህናቱ በግጦሽ ሲጣሉ ሁለቱንም አንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጠው፣ አንድ ቅል ጠላ አቀባብለው ሲያስታርቁ ነው። ደግ ጊዜ ነበር። ስንቱ እየተሳደበ ገብቶ ተሳስሞ ወጣ።

ስብሰባውን የሚመራው ካድሬ፣ «አንተ የማታው ተማሪ፣ ፊደል ቆጥረሃል፤ ተነስና ጥፋታቸውን ተናገር» አለኝ።

«ጓድ፣ በወረዳው ከእኔ በላይ ጨዋታ አዋቂ የለም። እሳቸው ግን በቀልዴ ስቀው አያውቁም። ከዚህ የባሰ ጥፋት አላየሁባቸውም» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ካድሬው ብቻ ሳይስቅ ስሜን ጻፈ።

ነገ ጓድ ምስጋናው ወደ ጋሸና ይሄዳሉ። ከዚያ ሁሉ ሳቂ ልሸኛቸው ያለ አንድም ሰው የለም። እኔ ጓዛቸውን እሸከማለሁ ብያለሁ። ለሚስቴ ግን ገና አልነገርኳትም።