ቁጥር የሌላት የነሐስ ልጅ

ቦንጋ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ከጣሪያዬ ማፍሰስ በስተቀር ደህና ነኝ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትሳቂ፤ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው።

ያቺን የነሐስ ልጅ ታውቂያታለሽ፤ ቀና ብላ ዛፍ ላይ ያለ ቀፎ የምታየዋን። ቤቴ በመጣሽ ቁጥር አንድም ቀን አላስነካሁሽም። ጓሯችን ተከራይቶ የነበረው ቀራፂው ዓለሙ ነው የሠራት። አንቺ ወደ ደካ በተዳርሽ በወሩ ጭቃውን አቦካ። ሦስት ሳምንት ደጅ አቁሞኝ፣ ቀና በይ፣ ትንሽ ቀና በይ እስቲ፣ እያለ አንገቴን አደረቀው። ወጡ አርሮብኝ እናታችን ስትሰድበኝ እንኳ አልሰማም ነበር።

ጭቃውን አዲስ አበባ ወስዶ ሃያ አምስት ቅጂ በነሐስ አስወጣ፤ ከሥራቸው ቁጥር ተጽፎባቸው ተሸጡ። ሊሰናበት ሲመጣ አንዷን እጄ ላይ አስቀመጣት። ይቺ ቁጥር የላትም፣ አትሸጥም፣ ባለቤቷ ታውቃታለች አለኝ። ባለቤቷ እኔ የሆንኩ መሰለኝ።

አገጯ ሥር ያለውን ጭረት የነሐስ አቅላጮቹ ጥፋት ነው ብዬ ስንት ዓመት በአመድና በሎሚ ፈተግሁት። አልለቀቀም። የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል እንደለየሁ መጀመሪያ ገልብጬ ያነበብኩት ከእሷ ሥር የተጻፈውን ነው። ይኸው አምስት ዓመቱ። ከዚያ ወዲያ አልፈተግኋትም።

ባለፈው ሳምንት ሚሊዮን የሚባል የቅርፅ ነጋዴ ከአዲስ አበባ መጣ። ቀራፂው ከሽያጩ በፊት ለራሱ ያስቀራቸው ቁጥር የሌላቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዷ ጠፍታለች አለኝ። ቁጥር ያላቸው ላይ ይህ የአገጯ ጠባሳ ተሞርዶ ጠፍቷል፣ ውድ ያደረጋትም እሱ ነው አለ። የጠራው ዋጋ ጣሪያዬን አዲስ ቆርቆሮ ያለብሰው ነበር። የእኔ አይደለችም አልኩት፤ ከአፌ አምልጦኝ። ታዲያ የማን ናት እማማ? ብሎ ሳቀ።

ማንኪራ ጫካ ውስጥ ማር ቆራጮቹን ተከትለን ስንሮጥ ድንጋይ ላይ የወደቅሽበት ቀን ትዝ ይልሻል? የአገጭሽን ደም በነጠላዬ የያዝኩልሽ እኔ ነበርኩ። አሁንም በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ጎረቤቴ ይመኙሻል ወደዚያ ስለምትመጣ በእሷ እጅ ልኬያታለሁ። ነጠላውን መልሽልኝ።

ብቻሽን ስትሆኚ ገልብጫት፤ ከሥሯ ያለው ስም ያንቺ ነው። አታልቅሺ፤ እኔ ጨርሼዋለሁ።

የአባታችን አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ የልጆችሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ።

ታላቅ እህትሽ